በቆሮሶው ውስጥ የተገኘው ሰማያዊ ክር

እትዬ የሺሃረግ አሰላ ውስጥ ዓሣ መጥበስ ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ምላሳቸው ስለታም ነው፤ ዓሣቸውን የነካ ሰው ደግሞ አለቀለት።

ባለፈው የጾም ሰሞን፣ ገበያው በደራበት ቀን፣ ጎሚስታው ጅብሪል ከሚበላው ቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ሰማያዊ ክር መዘዘ።

«እትዬ፣ በቴሌቪዥን ያሉት ደረሰ! የውቅያኖስ ዓሣ ፕላስቲክ እየበላ ነው ሲሉ ነበር። የኛም ሐይቅ ተበክሏል ማለት ነው!»

ያውም ቤቱ ሙሉ ሰው እያለ። በማግስቱ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር።

እትዬ መጀመሪያ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ለሚያመጣላቸው ለኦጎልቾው ሚፍታ ደውለው የስድብ ናዳ አወረዱበት። እሱም «እኔ ከሐይቁ አወጣለሁ እንጂ ሐይቁን አላጥበውም፤ ምን ላድርግ?» አላቸው። ያን ጊዜ ፈሩ። ሐይቁ ከተበላሸ ሌላ ሐይቅ ከየት ይመጣል? ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያበሉ የኖሩትስ ምን ነበር?

በሦስተኛው ቀን የባዮሎጂ መምህርቷን ጎረቤታቸውን ሲፈንን ጠሩ። «ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አንድ ዓሣ ያዘጋጁልኝ» አለቻቸው።

እትዬ የመክተፊያ ጣውላ ዓሣ ያንሸራትታል ባይ ናቸው። እንደ ልማዳቸው ሰማያዊ መስመር ያለው የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፉ፣ ቅርፊቱን ፋቁ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ጣሉና ሥጋውን ከእሾሁ መለየት ጀመሩ። ቢላዋው ከረጢቱን ሲቧጭር ሲፈን እጃቸውን ያዘች። ከሥጋው ላይ ክር አንስታ አሳየቻቸው።

«ይኸው እትዬ፣ ከከረጢቱ ነው።»

«ከሐይቁ አይደለም?»

«ይሄኛው አይደለም። ሐይቁ ንጹሕ ነው አላልኩም፤ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ፕላስቲክ ሊኖርበት ይችላል። እሱ ግን በብዛት የሚገኘው ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ሆድ ዕቃውን ደግሞ እርስዎ ይጥሉታል።»

እትዬ ከረጢቱን ጨምድደው ብድግ አሉ። ሲፈን ያፈሩ መስሏት ልታጽናናቸው ስትል፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የጅብሪል ጎማ መጠገኛ ተሻገሩ። ጅብሪል ቢላዋውን አይቶ ከጎማው ጀርባ ሆነ።

«ጅብሪል! ጥፋቱ የኔ ነው!» እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል። «የሐይቁ አይደለም፣ የኔ ነው! የኔ ከሆነ እኮ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጅብሪል ብቅ ብሎ። «ሽሮ ገደለኝ እኮ፤ ሁለት ይጥበሱልኝ።»