ሽቦዬን የበላው የጄሪካን ገመድ

«እናቴ፣ ወደ ልብዎ የሚሄደው ሽቦ ሊበጠስ ደርሷል» አለኝ ሐኪሙ ዛሬ ጎባ።

ከሮቤ በጠዋት ተነስቼ ሄጄ የሰማሁት ይህን ነው። ልቤን የሚያስመታ ትንሽ ማሽን ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ ከቆዳዬ ሥር ተቀብሮልኛል።

ማሽኑ ባለበት በኩል ትከሻዬ ላይ ገመድ የፋቀውን ቆዳ አየና «ይህስ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን የማዝልበት ገመድ የፋቀኝ ነው።»

ማሽኑን ሲተክሉልኝ «ከባድ ሸክም ይቅርብዎ» ብለውኝ ነበር። በእኛ አገር ሸክም የሚባለው እንጨትና እህል ነው። የሴት ውሃ ማን ሸክም ብሎት ያውቃል?

ሐኪሙ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በስልኩ አንድ ምስል አሳየኝ። ስስ ሆኖ የተነባበረ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ እንደ ቆዳ ከልብ ጋር የሚለጠጥ ነገር በሽቦው ፈንታ እየተሠራ ነው አለኝ።

«ለእኔ ይደርሳል?»

«ገና አይጥ ላይ እየሞከሩት ነው።»

«አይጥ እንኳ ቀደመችኝ በለኛ!»

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ደክሞኛል። አዲስ አበባ ሄጄ እንደገና ልቀደድ ነው፤ ያውም ያንኑ ደረቅ ሽቦ ለማስገባት።

(ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ነው፤ ስሕተት ካያችሁ እለፉኝ።)

ቤት ስገባ ጎልማሳው ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኩት።

«አላህ ያሽርሽ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ቆየት ብሎ ደግሞ «አዮ፣ ውሃ እኮ የለም» አለኝ።

እንደኔ ደረታችሁ ላይ ማሽን ያለባችሁ እናቶች፣ ቤታችሁ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? እስቲ ንገሩኝ።