የቢሮው ኮምፒዩተር ለሐዋ የደወለ ዕለት

ከጅጅጋ በወጣሁበት ምሽት ሐዋ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ታላቅ እህቴ ናት። ባሎቻችን ከሞቱ ወዲህ በአንድ ግቢ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ስዊድን ያለው ልጄ ወረቀቴን ጨርሶ፣ ድሬዳዋ የሚያደርሰኝ መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ልጅሽን አርጅቻለሁ በይው» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ስላረጀሁ እኮ ነው የጠራኝ፣ አባዮ» አልኳት፤ በእኛ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

«እንግዲያው ሂጂ። ካራማራን ካለፍሽ በኋላ ግን እህት አለኝ እንዳትዪ።»

ሳንሳሳም ወጣሁ።

ስለ ስዊድን ለምትጠይቁኝ፣ ብርዱ እንደ እኛ ንፋስ አይደለም። የጅጅጋው ገፍትሮሽ ያልፋል፤ የዚህኛው ድምፁን አጥፍቶ ጉልበት ውስጥ ይቀመጣል። ወተቱ ንጹሕ ነው፤ ጭስ ጭስ የሚለውን የግመል ወተት ለለመደ ሰው ግን ምንም አይልም። በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤቶቼን በር እየዞርኩ ባንኳኳ የሕንፃው ኃላፊ መጣ። ልጄ አስተረጎመልን።

«ምን ጎድሎዎት ነው የሚያንኳኩት?»

«ምንም አልጎደለኝም። ደህና አደራችሁ ወይ ልል ነው።»

«ደህና ካላደሩ አምቡላንስ ይጠራሉ» አለኝ።

የከበደኝ ግን ሐዋ ናት። ልጄ ሲደውልላት ታወራዋለች፤ ስልኩን እኔ ስቀበለው ትዘጋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ብቻቸውን ለሚኖሩ ስደተኛ አረጋውያን እየደወለ ደህንነታቸውን የሚጠይቅ ማኅበር ሶማልኛና አማርኛ የሚችል ሰው ፈለገ። ጅጅጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ኦፐሬተር እንደነበርኩ ስነግራት፣ የማኅበሩ ኃላፊ ኢንግሪድ እጄን ይዛ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጠችኝ።

እኔ በዘመኔ ዘጠኝን ተጭኜ የውጭ መስመር ስጠብቅ፣ ቁጥር ስመታ፣ ሲያዝ እንደገና ስመታ ነው የኖርኩት። እዚህ ስክሪኑ ላይ ስም አለ፤ ስሙን አንዴ መንካት ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የእኔኑ ጠረጴዛ ስልክ ይጠራል። እኔ ሳነሳ በቢሮው ማዞሪያ በኩል ወጥቶ ሌላውን ሰው ይጠራል፤ ያም ሲያነሳ ያገናኘናል። ደዋዩን መስመር ላይ አስቀድሞ መያዝ ድሮ የእኔ የኦፐሬተሯ ሥራ ነበር! ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ሱብሃነላህ አልኩና ለረጅም ጊዜ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለከትኩት። መጀመሪያ ቀን ስልኬ ሲጠራ አንስቼ «ከማን ላገናኝዎት?» ብዬ ኢንግሪድን አስቄያታለሁ፤ በማዶ ገና ማንም አልነበረም።

አንድ ዓርብ ኢንግሪድ፣ «ለሌላ ሰው ብቻ ነው የምትደውዪው። ዛሬ ለራስሽ ሰው ደውዪ» አለችኝ። የሐዋን ቁጥር አስገባሁና ነካሁት። ስልኬ ጠራ፤ አነሳሁ። ከዚያ ጅጅጋ ጠራ።

«ሃሎ?» አለች ሐዋ።

በሶማልኛ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ፣ ስክሪኑ እንደ ድሮው ማዞሪያ ፊቴ ነው፤ ከአፌ የወጣው የቢሮ አማርኛዬ ሆነ።

«ከውጭ አገር ስልክ አለዎት። እባክዎ አይዝጉ።»

እኔና ሐዋ እርስ በርሳችን በአማርኛ አውርተን አናውቅም። እንደምትዘጋ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ማን ነው የሚፈልገኝ?» አለች፣ እሷም በአማርኛ።

«እህትዎ ናት።»

ስክሪኑ ላይ ሰከንዱ ይቆጠራል፤ መስመሩ አልተቋረጠም።

«ብርዱ እንዴት አደረጋት?»

«ጉልበቷን ያማታል።»

«ድሮም ካልሲ አታደርግም፤ ግትር ናት። ታድርግ በያት።»

«እነግራታለሁ።»

«ክፍሏን ተከራይ ጠይቆኝ ነበር። እምቢ ብያለሁ። በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ። ይህንንም ንገሪያት፣ ኦፐሬተር።»

«እነግራታለሁ» አልኩ። «ላገናኝዎት?»

ከወዲያ የግቢያችን ዶሮዎች ይሰማሉ።

«ዛሬ ይቅር» አለች ሐዋ። «ነገ አንቺው ደውዪልኝ።»