በበቆጂው የውሃ ማማ ላይ የተነሳ ክርክር

ኮምፒዩተሩ መሥሪያ ቤታችን የደረሰው እኔ ተመርቄ አሰላ በተመደብኩበት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነበር። የት ይቀመጥ የሚለውን ለመወሰን ስብሰባ ተጠራ። ጣሪያው የማያፈስ ክፍል የኃላፊያችን ቢሮ ብቻ ስለነበር እሳቸው ወጡና እሱ ገባ። ጸሐፊያችን በነጭ ክር ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። አቧራ ይጎዳዋል ስለተባለ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ተከለከለ። በአሰላ ብርድ ሲሚንቶ ወለል ላይ በካልሲ መቆም ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። እኔ አንድ ስሌት ሠርቼ በወጣሁ ቁጥር ጉንፋን ይዞኝ ይወጣል።

ኃላፊያችን ዕድሜያቸውን በእርሳስና በማስመሪያ ሲያሰሉ የኖሩ፣ ሰፋ ያለ ሰውነት ያላቸው መሐንዲስ ነበሩ። ኮምፒዩተሩን እንደ አንድ ባልደረባ ነበር የሚያዩት። ጠዋት ሲገቡ በበሩ ብቅ ብለው፣ "ልጄ፣ ሰውዬው ዛሬ ምን አለ?" ይሉኛል። መብራት ከሄደ ደግሞ፣ "ዐረፈ?" ይላሉ።

የመጀመሪያው ከባድ ሥራችን በቆጂ ላይ ለሚተከል የውሃ ታንከር የብረት ማማ ነበር። አራት ረጃጅም እግሮች አሉት፤ እግሮቹን በቁመታቸው መሃል ላይ ዙሪያውን አግዳሚና ሰያፍ ብረቶች አያይዘዋቸዋል። ረጅም ቀጭን ብረት ከላይ ሲጫኑት አይደቅም፤ ወደ ጎን ይለመጥና ይታጠፋል። መሃሉ ላይ ከተያዘ ግን እንደ ሁለት አጫጭር ብረቶች ስለሚቆጠር እጅግ የበለጠ ይሸከማል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ብረቱ ስንት ሜትር ነው ሳይሆን፣ ሳይያዝ የሚሄደው ርቀት ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ የገባኝ ግን በቆጂ ነው።

ንድፉ ሲያልቅ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ የሆነው ካድሬ ሊያየው መጣ። ወጣት፣ ቀጠን ያለ፣ ካኪ ለባሽ ሰው ነው። ሥዕሉን አገላብጦ አየና ጣቱን መሃል ላይ አሳረፈ።

"እነዚህ ብረቶች ይነሱ" አለ።

"ለምን ጓድ?" አሉ ኃላፊያችን።

"መፈክሩ የሚሰቀለው እዚያ ነው። ከገበያው ሲታይ ብረቱ ፊደሉን ይቆርጠዋል።"

ኃላፊያችን ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ሰውዬውን እንጠይቀው" አሉ። ጫማችንን አውልቀን ሦስታችንም ገባን። የካድሬው አንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር በሌላኛው እግሩ ሸፍኖት ቆመ። እኔ የመሃሉን ብረቶች ከስሌቱ ሰርዤ ማሽኑን አስነሳሁት። ማተሚያው እየጮኸ ረጅም ወረቀት ተፋ። በየመስመሩ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች፣ "ኦኬ" ይላል።

"ኦኬ ብሏል" አለ ካድሬው። ያንን ቃል ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ወረቀቱን ወስጄ ብረት በብረት አየሁት። ማሽኑ ርዝመት የሚቆጥረው ብረቶች ከሚገናኙበት ነጥብ እስከ ቀጣዩ ነጥብ ነው። አግዳሚዎቹን ስሰርዛቸው እግሮቹ መሃል ላይ የነበሩት ነጥቦች እዚያው ቀርተዋል። እሱም ነጥብ ስላየ የተያዘ መስሎት እያንዳንዱን ረጅም እግር ሁለት አጫጭር እግሮች አድርጎ ቆጥሮታል። የያዘው ግን ምንም ነገር የለም። ይህን ስነግረው ካድሬው በትዕግሥት አዳመጠኝ።

"ጓዲት፣" አለ ሲመልስልኝ፣ "ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ ነሽ ዘመናዊው?"

ኃላፊያችን ከግቢው አጥር ቀጭን ሸምበቆ ነቅለው ይዘው መጡ። በስብሰባው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ መዳፋቸውን ጫፉ ላይ አድርገው ገና ጫን ሲሉት ሸምበቆው እንደ ቀስት ተለመጠ።

"አሁን እርስዎ መሃሉን ይያዙልኝ" አሉት።

ካድሬው በሁለት ጣቱ ያዘ። ኃላፊያችን ጫኑ፤ ሸምበቆው ቀጥ ብሎ ቆመ። ይበልጥ ጫኑ። በመጨረሻ በሁለት መዳፋቸው ተደግፈው፣ ያ ሁሉ ሰውነታቸው ሸምበቆው ላይ ሆኖ፣ ተረጋግተው ማስረዳት ቀጠሉ። በዚህ መሃል ጸሐፊያችን ሻይ ይዛ ገባች።

"ጓድ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎት?"

"ልልቀቀው እንዴ?" አለ ካድሬው ወደ ኃላፊያችን እያየ።

"ከለቀቁት እኔ እወድቃለሁ።"

"ስለዚህ እስከ መቼ ነው የምይዘው?"

"ማማው ቆሞ እስካለ ድረስ" አሉ ኃላፊያችን።

ካድሬው ሻዩን አየው። በዚያ ብርድ እንፋሎቱ ያጓጓ ነበር። በቀስታ፣ ማንም የማያይ ይመስል፣ እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ። ሸምበቆው ለመጥ አለ፣ ጧ ብሎ ተሰበረ፤ ኃላፊያችን በደረታቸው ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አሉ። መነጽራቸው ስኳር ዕቃው ውስጥ ገባ። ጸሐፊያችን በማንኪያ አወጣችላቸው።

ከዚያ ካድሬው ሻዩን አስቀምጦ "መሃሉ ይያዝ" አለ።

ማማው ከነመሃል ብረቶቹ ተተከለ። መፈክሩም ለሁለት ተከፈለ፤ ከአግዳሚው በላይ "ውሃ አንጠብቅም"፣ ከአግዳሚው በታች ደግሞ "ውሃ እናመጣለን" ተብሎ ተሰቀለ። የበቆጂ ነፋስ ግን በሳምንቱ የታችኛውን ጨርቅ ወሰደው። የቧንቧ ዕቃ ዘግይቶ ስለነበር ከተማው ላይ "ውሃ አንጠብቅም" የሚል ደረቅ ማማ ቆሞ ከረመ። ለቁጥጥር በሄድንበት የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ አጠገቤ የቆመችውን ልጃቸውን ምን እንደሚል ሲጠይቋት ሰማሁ።

"ቢሻን ሂን ኤጊና" አለቻቸው፤ ውሃ አትጠብቁ ይላል ማለቷ ነው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነቱን መናገራቸው ደግ ነው" አሉ በኦሮምኛ፣ ወደ በጎቻቸውም ተመለሱ።

ውሃው የመጣው የገብሱ አጨዳ ካለፈ በኋላ ነው። በምረቃው ቀን ካድሬው ማማው ሥር ቆሞ ንግግር አደረገ፤ ትንሽ ስለ አብዮቱ ካወራ በኋላ ስለ እግሮቹ ገባ። ብረት ለምን እንደሚታጠፍ፣ ነጥብ ስላለ ብቻ ተይዟል እንደማይባል፣ በእጁ እያሳየ አስረዳ። ሲረዝም ጊዜ አንዱ ሠራተኛ ቧንቧውን ቀድሞ ከፈተው። ሕዝቡ እንስራና ጀሪካኑን እያነሳ ወደዚያ ሄደ። እኔና ኃላፊዬ ብቻ ፊቱ ቆመን ቀረን። እስከ መጨረሻው አዳመጥነው፤ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር።