የድንኳን ብር ይዘን ወርቅ ፍለጋ

ንጋት፣ ቂርቆስ

ፀሐይ ሳትወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተገናኘን። ሦስት ነን፦ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ፣ ገንዘብ ያዣችን እትዬ ዘይነባ፣ ጸሐፊው እኔ። መድረሻችን ካዛንቺስ ነው፤ ጉዳያችን ወርቅ። ጋሽ ታደሰ ለአዲስ ድንኳን ባጠራቀምነው ብር የማዕድን ፍለጋ አክሲዮን ልንገዛ ይገባል ብለው ድርቅ ብለዋል። ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው ሲለቀስላቸው አሮጌው ድንኳን እያፈሰሰ ለቀስተኛውን አጥቦታል፤ ያ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም። "ወርቁ ሲወጣ አዳራሽ እንሠራለን!" ይላሉ። አባላቱም ጠይቃችሁ ኑ ብለው ላኩን።

ረፋድ፣ ሜክሲኮ

የታክሲ ሰልፉ አያልቅም። ቦንቦሊኖ ገዛሁ፤ ዋጋው ጨምሯል፣ እሱ ግን አንሷል። በመጨረሻ ታክሲ አገኘን። ጋሽ ታደሰ ስለ ወርቅ ሲሰብኩ ሾፌሩ በመስታወት ያያቸዋል።

"ፋዘር፣ አገኛችሁት እንዴ?"

"ገና እየተፈለገ ነው።"

"በቃ እንደኔ ናችኋ! እኔም ነዳጅ እየፈለግኩ ነው።"

ካዛንቺስ

የማውቃቸው ሥጋ ቤቶች የሉም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የመስታወት ሕንፃ ነው። ለትልቅ ጉዳይ በክብር ይኬዳል ተብሎ ሁላችንም የለቅሶ ልብሳችንን ለብሰናል። የማዕድን ፍለጋ ድርጅቱ እንግዳ ተቀባይ ስታየን ከወንበሯ ተነሥታ "ውይ! ማን ሞተ?" አለች። ሳቄን በመሐረብ ባፍነው ያለቀስኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ናትናኤል የሚባል ወጣት ጂኦሎጂስት ተቀበለን። ቅን ልጅ ነው፣ አልዋሸንም። ወርቁ ከተገኘ ቀድሞ የገዛ ሰው ያስገባውን እጥፍ ድርብ ያገኛል አለ። ጋሽ ታደሰ ጠቀሱኝ። ግን ብዙው ቁፋሮ ባዶ ነው፤ ለማሽንና ለላቦራቶሪ ለዓመታት ብር ይወጣል እንጂ አይገባም።

"ባዶ ከሆነስ?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

"እዚያ አለመኖሩን እናውቃለን፣ እናቴ። እሱም ውጤት ነው።"

"አለመኖሩንማ እኔ በነፃ እነግርህ ነበር!"

ጋሽ ታደሰ አልተበገሩም። "መሃል ላይ ሰው ቢሞትብን ግን በዚያው ዕለት ብሩን ትሰጡናላችሁ አይደል?"

ለካ አክሲዮንን እንደ እድር ነው የያዙት። ናትናኤል ተጨነቀ።

"አይ ጋሼ፣ ማለቴ... ገዢ ካልተገኘ ብሩ አይወጣም። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።"

"ሬሳውስ?" አሉ።

ፊታቸው ጥቁር ሲል አንጀቴን በሉት። አዳራሹን በሐሳባቸው ጨርሰው ቀለም ሁሉ ቀብተውት ነበር።

እትዬ ዘይነባ ወደ ልጁ ዞሩ። "አንተ የት ነው የምትኖረው?"

"ሰንጋ ተራ ተከራይቼ። ቤተሰቦቼ ጎንደር ናቸው።"

"እድር አለህ?"

"የለኝም።"

"አበስኩ ገበርኩ! በየበረሃው የሚዞር ልጅ ያለ እድር?" ከቦርሳቸው የደረሰኝ ጥራዝ አወጡ። ሻይ ሳይቀርብልን መዝግበነው፣ የመጀመሪያ መዋጮውን ተቀብለን ደረሰኝ ቆርጠንለት ወጣን።

አመሻሽ፣ ቂርቆስ

አባላቱ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ነገ ድንኳን እንገዛለን" አሉ።

"ከወርቁስ ምን ተገኘ?"

"አንድ አባል።"