የሸዋረጋ ተራ

ሸዋረጋ ከጌታዋ ጋር የምትነጋገረው እንደ ጎረቤት ነበር። ጠዋት ዳዊቷን ደግማ፣ ጸሎቷን አድርሳ ስታበቃ ገና ያልጨረሰችው ወሬ የቀራት ይመስል፣ ባሕር ማዶ፣ ከፌርፋክስ መንገድ የአበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ፣ በዚያች እግር በማታዘረጋ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ለመጣው መኪና ሁሉ ቲኬት እየቀደደች ታወራው ነበር። «ዛሬ ጉልበቴን ይዞኛል፤ አንተ ቅደም፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርስብሃለሁ» ስትል የሰማት ሰው በመጀመሪያ ስልክ ላይ ናት ብሎ ያልፋታል። ደግሞ ሲሰማት ዞር ብሎ ጆሮዋን ያያል። ስልክ የለም።

በሱዳን በኩል የመጣች ናት። እዚያው ገዳሪፍ ላይ ታናሽ እኅቷን ወባ ገደለባት። ቀብራት ስትመለስ የምታናግረው ሰው አጣችና እሱን ማናገር ጀመረች። «እሱም ዝም አላለኝም» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አታብራራም። ባል አላገባችም፤ ልጅ አልወለደችም። የታመመ ሲኖር ግን ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች፤ የወለደችም፣ አልቅሶ የሚያስተዛዝነው ያጣም የሚያውቀው ይኸንኑ ነው። መኪና መንዳት አልሆነላትም። በዚያ ሁሉም ሰው በመኪና በሚሄድበት ከተማ፣ ሾርባ በፌስታል ቋጥራ ባስ የምትጠብቅ አበሻ ከታየች፣ እሷ ናት።

በእነዚያ ዓመታት፣ ማለት በፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ መካከል፣ በፌርፋክስ ሰዎች ዘንድ አንድ የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር ነበር። በየወሩ በሃያ ሰባት መዋል ሲገባው፣ ሥራ ስለማይለቅ ወደሚቀጥለው እሑድ ይገፋል። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በዕጣ ተራው የደረሰው ሰው ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ በወሩም ደግሶ ማኅበሩን ይቀበላል። ደግ ማኅበር ነበር። ወረቀት ያልነበረውን አስጠግቷል፤ ሥራ የፈታውን ከሥራ አገናኝቷል። ያንን ዘመን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቁና ጨዋታው ነው። ስለዚህም ነው የሸዋረጋ ነገር የሚከብደው።

ሸዋረጋ ጽዋውን አንድም ጊዜ ተቀብላ አታውቅም። በሰው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትኖር እንግዳ ማስገባት አይፈቀድላትም ነበርና፣ ተራዋ ሲደርስ ለሌላ ትለቃለች። በመጨረሻ ክሬንሾው በሚባለው ሰፈር በስሟ ቤት ያዘች። ያን ዓመት ዕጣ ሲወጣ፣ ሰኔ የሷ ሆነ። ከፋሲካ ጀምራ መጋረጃ ሰቀለች፤ የሚታጠፍ ወንበር ከየሰዉ ተዋሰች። ጽዋው ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ጠልፋ አለበሰችው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁልፏን እንኳ አታኖርም። «እንግዲህ ቤቴ ልትመጣ ነው» ትለው ነበር በዚያች የመስታወት ቤት ውስጥ። «ጠባብ ናት፤ መቼም ታውቃታለህ።»

በዚሁ ጊዜ ከከተማው ዳር፣ ጋርዴና ውስጥ ጋሼ አሳምነው የሚባሉ ሰው ተኝተው ነበር። ታክሲ ነጂ ነበሩ። ቀድሞ የዚሁ ማኅበር አባል ሆነው ኖረው ወደ ጴንጤዎቹ የሄዱ ዕለት፣ ሰው በተሰበሰበበት ጽዋውን በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ይህ እኮ ብርጭቆ ነው! ይህ ሁሉ ሰው ብርጭቆ ከብቦ ይሰግዳል!» ብለው ነው በሩን ወርውረው የወጡት። ዓመታት አልፈው ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ደረቀ። አዲሶቹ ወንድሞቻቸው ለአንድ ሰሞን እየመጡ፣ እጅ እየጫኑ፣ «ተነሥ!» እያሉ ጸለዩላቸው። አልተነሡም። አልነሣ ሲሉ ጊዜ፣ «በውስጡ የተሰወረ ኃጢአት አለ» ተባለና መምጣቱ ቀረ። መንግሥት የሚልካት ሴት ጠዋት መጥታ ቀትር ላይ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ የሚገለብጣቸው የለም።

ሸዋረጋ ይህን ከሰው አፍ ሰምታ ከሥራ ስትወጣ ሄደች።

«ማን ላከሽ?» አሉ ጋሼ አሳምነው ከአልጋቸው ሳይነቃነቁ።

«ማንም።»

«የጽዋዎቹ ነሽ አይደለም? ያንን የአንገትሽን ክር በር ላይ ሰቅለሽ ግቢ።»

«ማተቡ ከነአንገቴ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ አሳምነው። እስቲ ጀርባዎን ልየው።»

«የማንን ጠበል ልትረጪብኝ ነው?»

«የቧንቧ ውሃ ነው። በሳሙና።»

ጀርባቸውን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የአልጋ ቁስል ነው፤ በጊዜ ካልገለበጡት ሥጋውን እየበላ ይሄዳል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሥራ መልስ ሁለት ባስ እየለወጠች ጋርዴና መውረድ ሆነ ሥራዋ። ሰውዬው አላመሰገኗትም። ሾርባው ጨው በዛው፣ እጅሽ ሻካራ ነው፣ ለጣዖት ሰግደሽ መጥተሽ አትንኪኝ ሲሉ ያመሻሉ። ከባድ ሰው ነበሩ፤ ገልብጦ ማዞሩ ወገብ ይቆርጣል። ስታዞራቸውም እንደ ልማዷ ትጣራለች፤ «ኢየሱሴ፣ እጄን አበርታው! ኢየሱሴ፣ ያዝልኝ!»

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ይህ ስም በክብር ነው የሚጠራው። ጌታ እንላለን፤ መድኃኔ ዓለም እንላለን። ሙሉ ስሙን በቅዳሴው እንሰማዋለን። በመንገድና በጓዳ «ኢየሱሴ» የሚል ሰው ሲገኝ ግን፣ ሌላ ሳይጠየቅ፣ ሄዷል ይባላል። ወዴት እንደሄደ መናገር አያስፈልግም።

ፀሐይነሽ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነበራት፤ የማኅበሩም አባል ናት። ከዕጣው የሸዋረጋ ቀጣይ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከሱቋ ጠረጴዛ ጀርባ ሆና ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ለአለቃው ለጋሼ ኅሩይ፣ እንዲህ ስትል ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰማ፤

«እርስዎ ይሙቱ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! በርበሬዬን ከስቶሬጅ ላወጣ ጋርዴና ድራይቭ ሳደርግ፣ ሶ፣ እዚያው ፓርክ አደረግኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ኢየሱሴ፣ ኢየሱሴ ትላለች። ከማን ቤት? ከዚያ ከሃዲ ቤት!»

«እመቤታችንን አልጠራችም?» አሉ ጋሼ ኅሩይ።

«እኔ ቆሜ በሰማሁት? አንድም ጊዜ!»

«ምናልባት ወደ መጨረሻው ትጠራ ይሆናል» አለ በርበሬ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው።

«ኦኬ፣ እስከ መጨረሻው ልቁምላት ነበር? ቲኬት ቢለጥፉብኝ ማን ሊከፍልልኝ?»

ጋሼ ኅሩይ አልሳቁም። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው፣ መሐንዲስ ሆነው፣ ጡረታ የወጡ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። በዚሁ ዓይነት ነገር ሌላ ማኅበር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ እኅትና ወንድም ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይተዋልና ፈሩ። የማኅበሩን ቄስ ቀሲስ ታዴዎስን አማከሯቸው።

«ስሙን መጥራት እኮ ኃጢአት አይደለም» አሉ ቀሲስ ታዴዎስ።

«ማን ኃጢአት ነው አለ፣ አባታችን? ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

ቀሲስ ታዴዎስ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

የግንቦቱ ማኅበር በጋሼ ኅሩይ ቤት ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ። ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

«ሸዋረጋ፣ ወደ ፊት ነይ» አሉ ጋሼ ኅሩይ።

ሄደች። ጽዋ በባዶ እጅ አይያዝምና ነጠላዋን በሁለት መዳፏ ላይ ዘርግታ ቆመች። ፊቷ በርቶ ነበር።

«በቅድሚያ የምንጠይቅሽ አለ። ጋርዴና ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

«አሳምነው ቤት? ምን ልታደርጊ?»

«አጥባቸዋለሁ፤ እገለብጣቸዋለሁ። ጀርባቸው ቆስሏል፣ ጋሼ ኅሩይ፤ ጡጫ ያስገባል።»

«ኧረ ማዕድ ላይ ነን!» አለች ፀሐይነሽ። ሰው ሳቀ።

«ይህን ጽዋ ብርጭቆ ብሎ የሄደ ሰው ነው። ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። አሁንም ይሉታል።»

አሁን ሳቁ በረታ። እሷ ለማሳቅ አልነበረም የተናገረችው። የዘረጋችውን ነጠላ አየት አድርጋ ቀና አለች።

«ስታጥቢው ማንን ነው የምትጠሪው?» አሉ ጋሼ ኅሩይ።

«ጌታዬን።»

«ኢየሱሴ ትያለሽ ወይስ አትይም?» አለች ፀሐይነሽ።

«እላለሁ። ሲከብደኝ እላለሁ። ቅርቤ ስለሆነ ነው።»

«ቅርቧ!» አለ አንዱ ከበስተኋላ። «እኛ ሩቆቹስ በምን እንምጣ? በአውሮፕላን?»

ቤቱ ፈነዳ። ጋሼ ኅሩይ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ድምፃቸውን አለዘቡ። «እኔ ክፉ አልመኝልሽም፣ ሸዋረጋ። እዚህ መስቀሉ ፊት፣ ከእንግዲህ ወደዚያ ቤት አልሄድም በይ። አንዲት ቃል ናት። ጽዋው ያንቺ ነው፤ በገዛ መኪናዬ ክሬንሾው ድረስ አደርስሻለሁ።»

ጽዋው ከፊቷ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ተነቃነቀ፤ ማንን እንዳማከረች ሁሉም ስላወቀ አንዳንዱ በክርኑ ጎረቤቱን ጎሸመ።

«ነገ ሰኞ ነው» አለች። «ነገ ማን ይገለብጣቸዋል?»

«ጴንጤዎቹ ይገልብጡት!» ተባለ ከኋላ።

«እነሱ ትተዋቸዋል።»

«እኛስ ምን አገባን!»

ቀሲስ ታዴዎስ ወለሉን ያያሉ። ጋሼ ኅሩይ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አነሡት፤ በሸዋረጋ ትከሻ አሳልፈው፣ ከኋላዋ ለቆመችው ለፀሐይነሽ ሰጡት። እልል ተባለ። ዝማሬው ተነሣ። ሸዋረጋ ነጠላዋን እንደዘረጋች ቀርታ ነበር፤ አንዲት ባልቴት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «እጅሽን አውርጂ እንጂ፣ ልጄ፤ ሰው ያይሻል» አሏት። አወረደች። ዳቦው ሲታደል አዳዩ ከሷ በፊት ካሉት ከኋላዋ ወዳሉት ተሻገረ። ሁሉም መኪና ነበረው፤ ላድርስሽ ያላት ግን የለም። በመጣችበት ባስ ተመለሰች።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ዞረ፤ ክሬንሾው ግን አልደረሰም። ዕጣ ሲወጣ የሷ ስም አይገባም ነበር። አልከሰሰችም፣ አላኮረፈችም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከኋላ በሩ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በዘዴ ከአጠገቧ ያርቁ ነበር። ፀሐይነሽ፣ «አላልኳችሁም? ደንታም የላት!» ትላለች። ሸዋረጋ ያን እሑድ ቤቷ ገብታ ጠረጴዛው ፊት ምን እንዳለች፣ ምንስ እንደተባለች የሚያውቅ ሰው የለም።

የሚታወቀው የሰኞው ነው። ከሥራ ወጥታ እንደ ልማዷ ጋርዴና ወረደች።

«ነይ እስቲ፣ ተረካቢዋ!» አሉ ጋሼ አሳምነው፤ ተራዋ መድረሱን ነግራቸው ነበር። «ሰጡሽ?»

«አልሰጡኝም።»

«ለምን?»

ጨርቁን ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ «ተራው ተዛወረ» አለች።

«በኔ ነው! በኔ ነው አይደለም?» ዓይናቸው በራ። በሚታዘዝላቸው በግማሽ አፋቸው ሳቁ፤ ምራቃቸው በአገጫቸው ወረደ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ብርጭቆ ከእጃቸው ላስጥል ስታገል ኖሬ፣ በመጨረሻ ያስጣልኩት አንቺን! ሃሌ ሉያ!»

አገጫቸውን ጠረገችላቸው። «ይዙሩ፣ ጋሼ አሳምነው።»

«እንግዲህ የት ልትገቢ ነው? እነሱ አባረሩሽ። የኔዎቹም ከነክርሽ አያስገቡሽም። ማን ቀረሽ?»

«አለኝ» አለች።

ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ይዛ አዞረቻቸው። ስሙን ጠራች፤ ዛሬ ድምፅዋ ትንሽ ተሰብሮ ነበር። ቁስሉ አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ሰውዬው ጮኹ፤ ሳቁም በዚያው ቀረ። ስታጥባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ ከዚያ በፊት ሰምታባቸው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ነገስ ትመጫለሽ?» አሏት።

«እሱ ካለ።»

«የቱ? ያንቺው ወይስ የኔው?»

«እሱ አልተከፈለም። ክንድዎን ያንሡልኝ።»

የሚታዘዘውን ክንዳቸውን አነሡ። ከሥሩ አሸችላቸው።

«ውሃው ቀዝቅዟል፣ አንቺ ሴትዮ! ልትገድይኝ ነው?»

ሸዋረጋ ሳፋውን አንሥታ የሞቀ ውሃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ሄደች።