በስፓኒሽ የተመለሰ ጉርሻ

ባለቤቴ ከሚታከምበት ክሊኒክ ተደውሎ ስፓኒሽ የሚናገሩ በሽተኞችና አስታማሚዎች ለጥናት ይፈለጋሉ ሲሉኝ ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ። ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው ቀንሶ ነበር፤ እንግዳ ማግኘቱ ራሱ ደግ ነው ብዬ ነው። እኔና እሱ ስፓኒሽ የምንችለው ሁለተኛ ደረጃን ኩባ ስለተማርን ነው። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ብርቱካን ለቀማ። የተዋወቅነውም ብርቱካኑ ሥር ነው።

በስደት የምንኖርበት ኦቴሎ ሰፈር፣ አፓርታማችን ድረስ የመጣችው ወጣት ወላጆቿ ሜክሲኮዎች ናቸው። በሩን ስከፍትላት እኔን አየች፣ ስልኳ ላይ ያለውን አድራሻ አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

«ይቅርታ ሴኞራ፣ ስፓኒሽ የሚናገር ቤተሰብ ነበር የፈለግሁት።»

«ግቢ፣ አልተሳሳትሽም» አልኳት በዚያው ቋንቋ።

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንደ ኩባዎች የቃሉን ጫፍ ይውጡታል!»

«ምን እናድርግ፣ የትምህርት ቤቱ ምግብ አያጠግብም ነበር» አላት ባለቤቴ ከሶፋው ላይ። ሲቀልድ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር።

ተቀምጣ ሥራዋን አስረዳችን። የበሽተኛና የአስታማሚን ኑሮ የሚለካ መጠይቅ አለ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሁን ወደ ስፓኒሽ ተመልሷል። የሚፈተነው መጠይቁ እንጂ እኛ አይደለንም። ሰው ጥያቄውን እንደታሰበው ይረዳዋል ወይ? ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ሲጠየቅስ ያንኑ ይመልሳል ወይ? ዜሮ ማለት ምንም ችግር የለም፣ አሥር ማለት እጅግ ከባድ ነው።

ለየብቻ መጠየቅ ስላለብን እኔን ወደ ኩሽና ላከችኝ። ኩሽናችንን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ባንኮኒ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሁሉንም እሰማለሁ።

ባለቤቴ ሐኪም ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ቀኝ እጁ አልተመለሰለትም። በግራው እንዲለማመድበት ወፍራም እጀታ ያለው ማንኪያ ሰጥተውት ነበር፤ እኔ ስለማጎርሰው ከመሳቢያ አልወጣም።

«ባለፈው ሳምንት ሲመገቡ ምን ያህል ተቸገሩ?» አለችው።

«ዜሮ።»

«ማንኪያ ይይዛሉ?»

«አልይዝም። እሷ ታጎርሰኛለች።»

«ታዲያ ዜሮ ያሉት እንዴት ነው?»

«የእኔ ሥራ መዋጥ ብቻ ነው። እሱ ምን ችግር አለው?»

ልጅቷ ሳቀች። «ምርጫው የእርስዎ ቢሆንስ?»

«ብቻዬን ብበላ ደስ ይለኛል። ልብሴ ላይ ቢፈስም ይፍሰስ።»

«ለባለቤትዎ ነግረዋቸዋል?»

«እኛ አገር ጉርሻ እምቢ አይባልም። ለዚያውም ከሚስት እጅ!»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። ስንት ወር ሳጎርሰው አንድም ቀን ፊቱን አላዞረም። የጠገበ ሲመስለኝ እንኳ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እለዋለሁ፤ አፉን ይከፍታል። በአማርኛ የከበደው ነገር በስፓኒሽ ወጣለት። በዚያ ቋንቋ በሞቴ ብዬው አላውቅም።

ተራው የእኔ ሆነና ለራስዎ ጊዜ አለዎት ወይ አለችኝ።

«ምግቤን ቀዝቅዞ ነው የምበላው» አልኳት። እሱን አብልቼ እስክጨርስ ወጡ ይረጋል። ይህን እኔም ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እራት ሲደርስ ፍትፍት አዘጋጀሁና ያን ማንኪያ ፈልጌ በግራው በኩል አኖርኩለት። ማንኪያውን አየ፣ እኔን አየ።

«ሰምተሻል ማለት ነው።»

«እኔ ሽንኩርት ነበር የምከትፈው።»

«እሱንማ አየሁ፤ አሁንም ዓይንሽ ቀልቷል።»

«ብላ!»

የመጀመሪያው ማንኪያ ሸሚዙ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ግማሹ ገባ። እጄ ሳላዘው ሲነሣ ይዤ ጭኔ ላይ መለስኩት። ከዚያ በኋላ የራሴን ሳህን ወደ እኔ ሳብኩ።

ልጅቷ በቀጠሮዋ ተመልሳ መጣች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ስምንት» አላት።

ደነገጠች። «ባለፈው እኮ ዜሮ ነበር! ባሰብዎት?»

«ኧረ ተሻለኝ! አሁን የምቸገረው የምበላው እኔ ስለሆንኩ ነው።»

የመልሱ መለዋወጥ ለመጠይቁ ጥሩ ዜና እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ እሷ ግን ፈገግ አለች። «ይህቺን ጥያቄ እንደገና ማየት አለብን» ብላ ከዳር ጻፈች።

የምሳ ሰዓት ስለነበር አብረሽን ብይ ስንላት እምቢ አላለችም። ሦስታችንም ማዕድ ቀረብን። ባለቤቴ ከአንድ ቁራጭ ድንች ጋር ትግል ገጠመ፤ ድንቹ ይሸሻል፣ ማንኪያው ያሳድዳል። ልጅቷ አላስችል ብሏት እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት። ወጤ ገና ይጨስ ነበር።