እናቴ ነጠላ ያለበሰችው ዛፍ

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ወዳለችው ሰባታሚት ሄጄ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ የሚያሠራውን ቤት ላይለት። ሠራተኞቹ ለግድግዳው ጭቃ ሲያቦኩ ደረስሁና ውኃ የጠጣው የጤፍ ጭድ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የጀመርሁትን ወሬ አቋርጬ ቆምሁ። ሌላ ሰው ይህን ሽታ ሲያሸት ምን እንደሚታየው አላውቅም፤ ለእኔ የሚታየኝ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ የነበረው የልጅነት ግቢያችንና፣ አባቴ ተንበርክኮ ሥሩን በእርጥብ ጭድ የሚሸፍንለት፣ ቅጠሉ እንደ ሕፃን መዳፍ የተዘረጋ አንድ ቀጭን ዛፍ ነው።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። አገሩ አርሲ ነው፤ ለሥራ መጥቶ፣ ከሐይቁ ማዶ የቁንዝላዋን እናቴን አግብቶ በዚያው ቀረ። አንድ ጊዜ ማሽን ሊተክል ከውጭ አገር የመጣ ባለሙያ ከእሱ ጋር ሲሠራ ከርሞ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ በረንዳው ላይ በሸክላ የሚያሳድገውን ሜፕል የሚባል ችግኝ ሰጠው። ሰውዬው እንደነገረው ከሆነ፣ በእነሱ አገር ብርድ ሲገባ የዚህ ዛፍ ቅጠል እንደ ፍም ይቀላል፤ ሰዉም ምሳውን ቋጥሮ እሱን ለማየት ብቻ ይወጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ግን ኮስተር ብላ፣

«የሚበላ ፍሬ አለው?» ብላ ጠየቀች።

«የለውም።»

«ታዲያ ለምን ይሆናል?»

«ለማየት።»

አባቴ ችግኙን የተከለው፣ እሷ ጌሾ ላድርግበት ብላ ካሰበችው ቦታ ላይ ነበር፤ ከትልቁ ማንጎ ጥላ ሥር።

በአጥር የምንዋሰናቸው መሪጌታ ይባቤ፣ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ደሴት ገዳም ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በእርጅናቸው ልጃቸው ዘንድ የገቡ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። ፀሐይ በረድ ሲል በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «እንግዳው እንደምን ዋለ?» ይላሉ። የዛፉ ስም በሰፈሩ ሁሉ «እንግዳው» ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዳው ባሕር ዳርን አልወደዳትም። የመጀመሪያውን ክረምት ደህና ከርሞ፣ ጥር ላይ ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ አራገፈና ባዶ እንጨት ሆነ። እኛ ልጆቹ አለቀስን፤ መሪጌታ «ነፍስ ይማር» አሉ፤ አባቴ ወደ ሥራው ሄደ። እናቴ ዶማዋን ይዛ ወጣች። ያኔ ብትነቅለው ማንም አይወቅሳትም ነበር። ነገር ግን ገበሬ ቤት ያደገች ናትና ልጡን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየችው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ዶማዋን ወደ ቦታዋ መለሰችና፣ አባቴ ለምሳ ሲመጣ «ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ ውኃ እንዳታቋርጥበት» አለችው። እውነትም መጋቢት ላይ፣ ሌላው ሁሉ በሐሩር ሲጠወልግ፣ እሱ ቅጠል አወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አባቴ በጠዋት ውኃ ያጠጣዋል፤ በበጋ ሥሩን በጭድ ይሸፍንለታል፤ የሐይቁን ነፋስ በደንገል ምንጣፍ ይከልልለታል። ዛፉ የቤታችንን ጣሪያ ሊደርስ ትንሽ ቀረው፤ መቅላቱን ግን እንጃ፤ በየዓመቱ ገርጣ ብሎ፣ ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ይረግፋል። አባቴም በየታኅሣሡ «ዘንድሮ ይቀላል» ይላል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ታመመ። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ከበደ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋንለት። በዚያው በጋ ማንጎው ነጭ ተባይ ወርዶበት ደርቆ ተቆረጠና፣ መጋቢት ሲገባ የእንግዳው ለጋ ቅጠል ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ ሲልፈሰፈስ አባቴ በመስኮት ያያል፤ እናቴ ደግሞ እሱን ታያለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ዙሪያውን እንጨት ተክላ የዘወትር ነጠላዋን ከላዩ ወጥራበት አገኘኋት። መሪጌታ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ክርስትና ልታነሺው ነው?»

«የኔታ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ካልጋው ላይ ሆኖ የሚያየው ይህንኑ እኮ ነው። ይህም ዓይኑ እያየ ይድረቅበት?»

መሪጌታ አልሳቁም። በማግስቱ አሮጌ ጋቢያቸው በአጥሩ ላይ ተሰጥቶ አገኘነው፤ ነጠላው ሳስቶ ነበርና እናቴ ጋቢውን ደረበችበት። መንገደኛው «ዛፍ የምታለብሰዋ ሴትዮ» ይላት ጀመር፤ እሷ እቴ፣ ሰማሁም አላለች።

በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ብርዱ ከወትሮው ጠና። አንድ ጠዋት እናቴ መጋረጃውን ገለጠችው። ዛፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልቷል። አባቴ አተኩሮ አየውና፣ በዚያ በከበደ ምላሱ «ቀላ?» አላት፤ ዓይኑን ያላመነ ይመስላል።

«ቀልቷል» አለችው።

ደግፈን አውጥተን ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ቁርሳችንን እዚያው ከዛፉ ሥር በላን። መሪጌታም መጥተው አብረውን ተቀመጡ። ቅጠሉ እንጀራው ላይ ሲወድቅ እያነሳን እንበላለን። አባቴ በቀጣዩ ክረምት ዐረፈ።

ዛፉ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀልቶ አያውቅም፤ እናቴ ግን ውኃውንም ጭዱንም አላጓደለችበትም። እኛ ልጆቿ በየፊናችን ስንበተንና ጉልበቷ ሲደክም ቤቱ ተሸጠ፤ እሷም ከከተማው ዳር ዘንዘልማ እኔ ዘንድ ገባች። አሁን በዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ በባጃጅ ሳልፍ በራችን የቱ ጋ እንደነበር እንኳ አይለይልኝም። አባቴም መሪጌታም የሉም። ዘንዘልማ ያለን ግቢ ጥሩ ነው፤ አቮካዶ አለ፣ ጎመን አለ፣ ሎሚ አለ። ሁሉም ይበላል። እዚህ ግቢ ማንም ስለ ማንም ደስታ ብሎ ጥላ የሚያቆምለት ተክል የለም፤ ይህን ጉድለት ለሰው ባስረዳ የሚገባው አይመስለኝም።

ቤቱን ለቀን በወጣንበት ጠዋት፣ ዕቃው መኪና ላይ ተጭኖ እናቴን አጣናት። ስፈልጋት ጆግ ይዛ ከዛፉ ሥር ጎንበስ ብላለች። የገዢው ሠራተኛ መሬቱን እየለካ ነበርና፣ ልጅ እግር ቢሆንም ትሑት ነው፣ በአክብሮት «እማማ፣ ለምን ይደክማሉ? ነገ እኮ እንቆርጠዋለን» አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«ነገማ ነገ ነው፣ ልጄ» አለችው። «የጠማው ዛሬ ነው።»

ውኃውን አፍስሳ ስትጨርስ፣ ጆጉን ደግማ ልትሞላ ወደ ቧንቧው ሄደች።